ማንም ሳይሞት የተነፋ ጥሩንባ

ጥቅምት 7

ዛሬ ፋብሪካ ክሩ አልገዛ ብሎኝ ዋለ። አንዱን ስቀጥል ሌላው ይበጠሳል። አለቃችን መጥቶ ቆሞ አየኝ፣ ምንም ሳይል ሄደ… ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከሰርቪስ ወርጄ ቤት ስደርስ ልጄ ኩኩ የለችም። የት ሄደች? ጎረቤቴ ነጂባ ከሰል ልካታለች። ከከሰሉ ስትመለስ ደግሞ የባለሱቁ ሚስት ዘይት ለእህቴ አድርሺልኝ ብላታለች። ከዚያ ጋሼ ደምመላሽ ምስማር… ምሳዋን ሳትበላ ሰፈሩን ስትዞር ዋለች። የስምንት ዓመት ልጅ!

«ልጅሽ ተላኪ ናት፣ አላህ ያሳድግልሽ» አለችኝ ነጂባ። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ? እኔም ኩታበር ሳድግ እንዲሁ ነበርኩ። ልጅ የሁሉም ነው። ያየ ይልከዋል፣ ሲያጠፋ ያገኘ ይቆነጥጠዋል።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደምመላሽ በየበሩ እየዞሩ ለፈፉ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት በጥሩንባ፣ ለሌላው ጉዳይ በገዛ ጉሮሯቸው። ጉሮሯቸውም ከጥሩንባው አያንስም። «ከእሑድ ጀምሮ በየሳምንቱ እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ እድር ቤት! ስለ ልጆች ደኅንነት የምታሠለጥን ሴት ከደሴ ትመጣለች!»

ልጅ ማሳደግ ልታስተምረን ነው? ወላሂ የቀረን ይሄ ነበር።

ጥቅምት 9

ሄድኩ። ነጂባ ብቻዬን አልሄድም ብላ ጎትታኝ ነው።

አሠልጣኟ ጽናት ትባላለች። መነጽር ያደረገች ቁጡ ሴትዮ ጠብቄ ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ናት፤ በዕድሜም ከእኔ ብዙ አትበልጥ። የደሴን ብርድ ለብሳ ነው የሐረጎን ቁልቁለት የወረደችው። ወፍራም ሹራቧን በኛ ሙቀት ስታወልቅ ልጆቹ ሳቁባት፣ እሷም አብራ ሳቀች። አግዳሚው አልበቃ ሲል ልጆቹን በተደፉት የእድር ድስቶች ላይ አስቀመጠቻቸው። የለቅሶ ድስት ላይ ልጅ ተቀምጦ ሲስቅ ዛሬ ገና አየሁ።

መጀመሪያ ስለ መንገድ፣ ወደ ደረቅ ወደቡ ስለሚያልፉት ከባድ መኪናዎች፣ ስለተላጠ ገመድ አወራች። እሺ… ይሄንማ እናውቃለን አልኩ በሆዴ። ከዚያ ጠየቀችን።

«ልጃችሁን ማን ሊልካት ይችላል?»

«ማንም!» አልን ባንድ አፍ። ኮርተን ጭምር።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ኩኩን አንዴ ልላካት? ውጭ ያለው አብሮኝ የሚሠራ ነው» አለችኝ። ላኪያት አልኳት፣ እየሳቅኩ።

«ኩኩዬ፣ ይቺን ቦርሳ ውጭ ላለው ሰውዬ አድርሺልኝ።»

ኩኩ ብድግ ብላ ሮጠች። በመስኮት አየናት። ሰውዬው ቦርሳውን ተቀበለና አንድ ነገር አላት። እጇን ያዘ። ሄዱ… ታጠፉ… ከዓይናችን ጠፉ። ልጄ አንዴ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ባልደረባዋ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅኩም ወደ በሩ ተነሣሁ።

ወዲያው መለሳት። «ምን አለሽ?» አልኳት። «እስከ አስፋልቱ ሸኚኝ አለኝ።» ያጠፋች መስሏት ልታለቅስ ነበር። ጽናት ተንበርክካ፣ «ያስተማሩሽን ነው ያደረግሽው የኔ ማር፣ ጥፋት የለብሽም» አለቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«መላክ ይቅር አልልም። የሀገራችን ወግ ነው፤ እኔም ተልኬ ነው ያደግኩት። አንዲት ቃል ብቻ እንጨምርበት። ነግሬ ልምጣ። ማንም ይላክ፣ ማንም ይጥራ፣ ልጅ መጀመሪያ ነግሬ ልምጣ ይላል። ነግሮ፣ ተፈቅዶለት ይሄዳል። ክፉ ያላሰበ ሰው ይጠብቃል።»

ክፉ ያላሰበ ሰው ይጠብቃል… ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይቺን አልረሳም።

ጥቅምት 10

ኩኩን ጨው አምጪ አልኳት። «ነግሬ ልምጣ» አለችኝ። ለማን ነው የምትነግሪው አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እኔ ነኝ!

ጥቅምት 14

ጉድ ፈላ።

ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሼ ደምመላሽ አናጢውን ጥሪልኝ ብለዋታል። ነግሬ ልምጣ ብላ ወደ ቤት ሮጠች። እኔ ፋብሪካ፣ ነጂባ ገበያ። ለማን ትንገር? ቁጭ ብላ እኔን ጠበቀች። እሳቸው ደግሞ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው እሷን ጠበቁ… ቀረች።

እንደገባሁ በሬን በከዘራ ደበደቡት።

«ከይሪያ! ይሄ ነው ሥልጠናው? በዚህ ሽበቴ ልጅ አስፈቅዳ ትታዘዘኝ?»

«አውፍ በሉኝ ጋሼ፣ ልጅ ናት…»

«ልጅማ ልጅ ናት! ያስተማረቻት ናት እንጂ ባለጌዋ! የእድር ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። እሑድ ትምጣና በሩን ታንኳኳው!»

ቁጣቸው ይገባኛል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ለዚህ ሰፈር ሙት ሁሉ የሮጡ ሰው ናቸው። ልጅ ናቀችኝ ብለው ነው የተቃጠሉት። ግን ኩኩስ ምን ታድርግ? ያ ሰውዬ እጇን ይዞ ሲታጠፍ አሁንም ይታየኛል።

ባሌ ጀሚል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በወር አንዴ አባት ይሆናል፣ ሌላውን ጊዜ በስልክ። ኩኩ ከትምህርት ቤት ወጥታ እኔ ከፋብሪካ እስክመጣ ያለውን ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር። ሰፈሩ አለ ብዬ። አሁን ማሽኑ ፊት ቆሜ እሱን ብቻ አስባለሁ። ሥልጠናው ከቀረ ልጅቷ ወደ ድሮዋ ትመለሳለች… ማን እንደሚልካት፣ ወዴት እንደሚልካት ሳላውቅ። በፊትም አላውቅም ነበር ለካ።

ጥቅምት 16

እንዳሉትም አደረጉት። እድር ቤቱ ተቆልፏል።

ጽናት ደረሰች፣ ቁልፉን አየች፣ ሹራቧን አወለቀች። «እንግዲህ ጥላ እንፈልጋ» አለች። አንዲት የቁጣ ቃል አልወጣትም። ልጆቹን ከግድግዳው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ደርድራ ትምህርቷን ቀጠለች። ማንም ሰውነታቸውን ያላግባብ ቢነካ፣ በምስጢር ያዙት ቢላቸው፣ ምን እንደሚሉ… እኛ አፍረን የማናነሳውን ነገር እንዲህ በቀላሉ! ልጆቹ አላፈሩም። ያፈርነው እኛ ነን።

ስትጨርስ ቀጥ ብላ ፊት ለፊት ወዳለው የጋሼ ደምመላሽ በር። ተከተልናት፤ ወሬ አያምልጠን ብለን እንጂ ልናግዛት አይደለም።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ በነጭ ሱሪዋ! «ልጅቷ አልናቀችዎትም። የምትነግረው ሰው አጥታ ነው የቀረችብዎት።» ጋሼ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ያኔ ኩኩ ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ «እማ ፈረቃ ስትገባ ለማን ልንገር?» አለቻት።

ጽናት አየቻት። «ቃሉን ሰጠሁሽ፣ ሰው ግን አልሰጠሁሽም። ይሄን አላሰብኩበትም ኩኩዬ። ለእሑድ አስቤ እመጣለሁ።»

ከደሴ ድረስ ልታስተምር መጥታ፣ ያ ሁሉ እናት ፊት፣ አላሰብኩበትም! እኛ ፋብሪካ አላውቅም ያለ አለቃ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ወደድኳት። ምን እዋሻለሁ፣ ወደድኳት።

ጥቅምት 23

ዛሬም ቁልፍ፣ ዛሬም ጥላ። ግን መልሱን ይዛ መጣች።

እያንዳንዱ ልጅ የሚነግረውን ሰው ራሱ ይመርጣል። ራሱ! «እናንተ የምታከብሩትን ነው የምትመርጡት። ማን ጋ ሮጦ እንደሚደርስ፣ ማን ጋ አፉ እንደሚፈታ ግን ልጁ ነው የሚያውቀው» አለች። እናት ካልተስማማች አይሆንም፣ የተመረጠውም እሺ ማለት አለበት።

ነጂባ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኩኩ እሷን እንደምትመርጥ እርግጠኛ ናት፤ ሻርፗን ሁሉ አስተካከለች። ኩኩ ተነሳች። ጣቷን ዘርግታ… በራቸው ላይ ያኮረፉትን ጋሼ ደምመላሽን!

«ለምን ኩኩዬ?»

«ሁልጊዜ በር ላይ ናቸው። ደሞ ጥሩንባ አላቸው።»

እናቶች በሳቅ ፈረሱ። «እኔ ጥሩንባ ስለሌለኝ ነው?» አለች ነጂባ። ስቃለች ግን ትንሽ ቅር ብሏታል።

ጋሼ እንዳልሰማ ሆነው መሬቱን በከዘራ ይጭራሉ። ጽናት ጠጋ ብላ፣ «መርጣዎታለች አባቴ፣ ምን ልበላት?» አለች።

«እኔን?»

«እርስዎን።»

ተነስተው ገቡ። በቃ፣ በሩን ሊዘጉብን ነው አልኩ። ሲወጡ የእድር ቤቱን ቁልፍ ይዘዋል። «ልጆቹን ፀሐይ አይምታቸው» ብቻ ነው ያሉት።

ጥቅምት 28

ሹመት ያዳብር! ጋሼ በርጩማቸውን ወደ እኛ ግቢ አዙረውታል። «ፈረቃሽ መቼ ነው? ሰርቪሱ ቢበላሽስ? ጀሚል የት ደረሰ?» ፖሊስም እንዲህ አይመረምር። ኩኩ ባለፈች ቁጥር፣ ምንም ሳይኖር፣ «ነገርሺኝ ወይ?» ይሏታል። «ነገርኩ ጋሼ!» ትላለች። የሁለቱም አኳኋን… ማሻ አላህ ነው።

ነጂባም አላኮረፈችም። የታችኛው ግቢ ልጆች እሷን መርጠዋል፤ አሁን ከኔ ይልቅ እሷ ናት ስለ ጽናት የምታወራው።

ኅዳር 4

ብዕሩን አስቀምጬ ደግሞ አነሳሁት። ካልጻፍኩት ግን አይወጣልኝም።

ከሰርቪስ ስወርድ ሱቅ ጋ የቆመች ሴት፣ «በናንተ በኩል ጥሩንባ ተነፍቷል» አለችኝ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«እንጃ፣ የልጅ ነገር ነው ሲሉ ሰማሁ።»

የልጅ ነገር…

ከዚያ በኋላ እግሬን አላስታውሰውም። አንደኛው ጫማዬ የት እንደቀረ እስካሁን አላውቅም። ያረቢ፣ ያረቢ እያልኩ ሮጥኩ። ሰፈሩ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ሰዉ ሲያየኝ መንገድ ከፈተልኝ። መንገድ ሲከፍቱልኝ፣ አለቀ፣ ልጄ ናት አልኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ኩኩ በጋሼ ደምመላሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሸንኮራ ታኝካለች።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

ጋሼ ጥሩንባቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። «ማንም አልሞተም» አሉ። «ማንም እንዳይሞት ነው የነፋሁት።»

ኩኩን ታቅፌ መሬቱ ላይ ተዘረፈጥኩ። ሸንኮራው ፀጉሬ ላይ ተጣበቀ። አልሐምዱሊላህ… አልሐምዱሊላህ…

ኅዳር 5

ዛሬ አልሠራሁም። ነገሩን ከኩኩ አፍ ቀስ እያልኩ ሰማሁት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኛ ሰፈር መታጠፊያ ላይ አንድ የማታውቀው ሰውዬ ባጃጅ አስቁሞ ጠራት። በስሟ። «አባትሽ ጀሚል ልኮኝ ነው። ደረቅ ወደብ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀሽ ነው። ቀሚስ ገዝቶልሻል፣ ነይ።»

«መሄድ ፈልገሽ ነበር?» አልኳት።

«በጣም» አለች። «ግን ነግሬ ልምጣ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አባትሽ ጥሎሽ ይሄዳል፣ ፍጠኚ አለኝ። ክንዴን ያዘኝ። እማ… ክፉ ያላሰበ ሰው ይጠብቃል አይደል? እሱ እኮ አልጠበቀም።»

መንጭቃ አስለቅቃ ሮጠች። ጋሼ «ነገርሺኝ ወይ?» ሊሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ነገርኩ! ነገርኩ!» ብላ ደረሰች። ሰውዬው ከኋላ ይከተላል፣ ዘመድ መስሎ እየሳቀ። የጋሼ ጉልበት አይሮጥም። ስልክ አይወዱም። ያላቸው ጥሩንባ ነው። በጠራራ ፀሐይ ነፉት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ያንን ሕዝብ ሲያይ ሰውዬው ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገባና በረረ።

ለፖሊስ ተነግሯል። አልተገኘም። ጀሚል ጋር ደወልኩ፤ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ነው፣ ማንንም አልላከም። ሲያለቅስ ሰማሁት። ጭነቱን አራግፎ እንደምንም እንደሚመጣ ነገረኝ። ስሟን ከየት አወቀ? የጀሚልንስ? ምን ሊያደርጋት ነበር? አላህ ይወቀው።

ጽናት እንደነገርኳት ሥራዋን ጥላ መጣች። ሹራብም አልለበሰች። ሁላችን ልጅቷን ጎበዝ፣ አንበሳ ስንላት ነው የዋልነው። እሷ እንደተቀመጠች፣ «ፈርተሽ ነበር?» አለቻት። ይሄን የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ኩኩ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እስኪወጣላት ድረስ ታቅፋት ተቀመጠች። ምን ዓይነት ሴት ናት ይቺ?

ኅዳር 6

ጋሼን ሊከሷቸው ነው አሉ! ሞት በሌለበት ጥሩንባ መንፋት ሟርት ነው፣ ሞትን መጥራት ነው እያሉ። አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ማርያም ደንግጠው ተኝተው ውለዋል። ነገ የእድሩ ጉባኤ ተጠርቷል። ጥሩንባውን ይቀማሉ ይባላል። የልጄን ጥሩንባ?

ኅዳር 7

እድር ቤቱ ጢም አለ። ጽናትም መጥታ ከኋላ ቆማለች።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ስለሺ ተነሡ። «ጥሩንባው የሞት ነው። ዛሬ ለልጅ፣ ነገ ለጠፋ በግ ከተነፋ ሰው መስማት ይተዋል። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ይወጣል?» ልሳደብ ተነሥቼ ነበር… ግን ሐቅ አለው ንግግራቸው። ተቀመጥኩ።

ጋሼ ደምመላሽ ጥሩንባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ውሰዱት። ግን አንድ ነገር ልበል። ስነፋ ቀርታችሁ አታውቁም። ዝናብ አላስቀራችሁም፣ ጦርነት አላስቀራችሁም። በዚህ እኮራባችኋለሁ። ግን ሁልጊዜ ስትመጡ ነገሩ አልቆ ነበር። የደረሳችሁት ሐሙስ ለት ብቻ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ጥሩንባውን አየ።

እትዬ ወለተ ማርያም በምርኩዛቸው ቆሙ። «የደነገጥኩት እኔ ነኝ። በስሜ አትክሰሱት። ልቤ ሊወጣ ነበር፣ ይውጣ! ልጅቷ አለች አይደለም ወይ?»

አቶ ስለሺ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው ድምፁ ይለይ» አሉ። ለሞት እንደ ድሮው ረጅም፣ ለልጅ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። ባንድ ድምፅ ተወሰነ። «እስኪ ያሰሙን» ሲሏቸው ጋሼ እዚያው ነፉት። ልጆቹ ከውጭ በጩኸት ተቀበሏቸው።

ጽናትን ተናገሪ ሲሏት፣ «የምጨምረው የለኝም» አለች። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ኅዳር 14

የመጨረሻው ሥልጠና። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ደጋን ከተማ ናት። ማን አብሯት ሊሄድ ነው? ጋሼ ደምመላሽ፣ ከነጥሩንባቸው! የደጋን እድር ጥሩንባ ነፊ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል ብላ ለመነቻቸው። የሷን ሥራ የራሳቸው አድርገው ያወሩታል፣ «እኔ ያመጣሁት ዘዴ» ሁሉ ይላሉ። ነግሬያት ሳቀች። «እኔም የፈለግኩት ይሄንኑ ነው» አለችኝ።

ስንሸኛት ጋሼ መረቋት። «እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ በገባሽበት ይስሙሽ።» አሚን አልን፣ እሷም አሚን እያለች ሹራቧን ለበሰች።

ኅዳር 17

ጀሚል መጣ! ለማንም ሳይናገር። መኪናውን ደረቅ ወደብ አቁሞ በቀጥታ ኩኩ ትምህርት ቤት በር።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች አሉ፣ ተላቀሱ። «ነይ መኪናዬን ላሳይሽ» አላት። ከአንገቱ ወረደች። «ነግሬ ልምጣ አባ።» ተከትሏት ወደ ሰፈር መጣ።

ከሰርቪስ ወርጄ ስደርስ ምን አየሁ… ባሌ በጋሼ ደምመላሽ በር ላይ፣ መሬት ላይ፣ ቀሚስ ያለበትን ፌስታል ታቅፎ፣ እንዳረፈደ ተማሪ ቁጭ ብሏል። ጋሼ በርጩማቸው ላይ፣ ኩኩ አጠገባቸው ቆማ።

«ምንድነው?» አልኩ።

«አላሳልፍም አሉኝ» አለ ጀሚል። «በሰርጋችን ለት ድንኳን የተከሉልን ሰውዬ መታወቂያ ጠየቁኝ!»

«አውቀዋለሁ» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «ግን ነግራኛለች። ከተነገረኝ እናቷ እስክትመጣ ድረስ ነው። ክፉ ያላሰበ ሰው ይጠብቃል አልኩት፣ ጠበቀ።»

ጀሚል ሊስቅ ሞከረ፣ አልቻለም። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም «ተው፣ ተው» እያሉ በከዘራቸው ይከላከላሉ።

ስንት ኬላ ያለፍኩ ሹፌር እንዲህ ያለ ኬላ አይቼ አላውቅም እያለ ይኸው አሁንም ይስቃል። ኩኩ ቀሚሷን ለብሳ ለጋሼ ልታሳያቸው ወጥታለች… ነግራኝ ነው።